ስለ ብርሃን መለኪያ አመራረጥ

በዚህ በእጅ ስልክ ዘመን በፊልም ፎቶግራፍ የሚያነሣ ተማሪ አለን? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። አለ፤ አንዱ እኔ ነኝ። አጎቴ በሶቪየት ኅብረት ተምረው ሲመለሱ ያመጧትን ዜኒት ኢ የተባለች ካሜራ ሰጥተውኛል። ይህች ዐይነት ካሜራ መሠራት የጀመረችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. ነው። በግንባሯ ላይ የብርሃን መለኪያ አላት፤ ነገር ግን የእኔይቱ መርፌ አንድ ጊዜ ተኝቶ ቀርቷል። ስለዚህ ሌላ መለኪያ መፈለግ ግድ ሆነብኝ።

ፊልም እንደ ስልክ ወዲያው አይቶ ማጥፋትና እንደ ገና ማንሣት የለበትም። አንዱ ጥቅል 36 ፎቶግራፍ ብቻ ይይዛል፤ መበላሸቱም የሚታወቀው ከታጠበ በኋላ ነው። በፊልሙ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን የሚወስኑት የሌንሱ ቀዳዳ ስፋትና መዝጊያው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ናቸው። የብርሃን መለኪያ ሥራው፥ የፊልሙን የአይ ኤስ ኦ ቍጥር ስንነግረው፥ እነዚህን ሁለቱን መልሶ ለእኛ መንገር ነው።

እኔም ገንዘብ ስላልነበረኝ በስልኬ ላይ በነጻ የሚገኝ የመለኪያ መተግበሪያ ጫንሁ። በበዓል አያቴ ከገጠር በመጡ ጊዜ፥ ከመታወቂያቸው በቀር ሌላ ፎቶግራፍ ስለሌላቸው፥ ነጭ ነጠላቸውን አስለብሼ በበረንዳው ጥላ ከነጩ ግድግዳ አጠገብ አስቀመጥኋቸው። ከቆምሁበት ሆኜ ስልኩን ወደ እርሳቸው ባዞር፥ በአይ ኤስ ኦ 400 ፊልም ቀዳዳውን 11፥ መዝጊያውን 1/500 አድርግ አለኝ። እንደ ታዘዝሁት አደረግሁ።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ የነጠላው ጥለት ሳይቀር ይታያል፤ የአያቴ ፊት ግን እንደ ጥላሸት ጠቍሯል። እርሳቸውም አይተው፥ «ልጄ፥ ነጠላዬስ ደኅና ወጥቷል፤ እኔ ግን የት ሄድሁ?» አሉኝ። ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

ጥፋቱን በስልኩ ላይ ባላክክ የፊዚክስ መምህራችን፥ «ስልኩ አልዋሸህም፤ የጠየቅኸውን መልሶልሃል» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከዕቃው ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ ሁሉ፥ የሚያየው ነገር መካከለኛ ግራጫ፥ ይኸውም በተለምዶ ከደረሰበት ብርሃን 18 በመቶውን ብቻ የሚመልስ ነው ብሎ ይገምታል። ነጠላ መሆኑን፥ ግድግዳ መሆኑን፥ የሰው ፊት መሆኑን አያውቅም። ነጭ ነገር ሲያይ ብርሃኑ በዝቷል ብሎ ይቀንሳል፤ በዚያን ጊዜ ጠይሙ ፊት በጨለማ ይዋጣል። እንግዲህ በእኛ አገር፥ በበዓል ቀን ነጭ የለበሰ ጠይም ሰው የሚያነሣ ሁሉ በዚህ ወጥመድ መግባቱ አይቀርም።

ሁለተኛው ዐይነት መለኪያ ግን ከዕቃው የሚመለሰውን ትቶ በዕቃው ላይ የሚወርደውን ብርሃን ይለካል። በራሱ ላይ ነጭ ትንሽ ጉልላት አለችው፤ እርሷን ከሚነሣው ሰው ፊት አጠገብ ይዞ ወደ ካሜራው ማዞር ነው። ነጠላው ቢነጣ ፊቱ ቢጠይም አይገደውም። ሴኮኒክ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ከሚሠራቸው መካከል ኤል 308 ሁለቱንም አለካክ ይችላል፤ የሚሠራውም በአንዲት ተራ ባትሪ ድንጋይ ነው። አንዲት ነጥብ ብቻ እየመረጡ የሚለኩ ደግሞ አሉ፤ እነርሱ ግን ለእንደ እኛ ያለ ጀማሪ ዋጋቸውም ከባድ ነው፥ አስፈላጊም አይደሉም።

ርካሽ ነው ብላችሁ አሮጌ መለኪያ ለመግዛት አትቸኵሉ። ዌስተን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. ካወጣው ሞዴል 617 ጀምሮ ብዙዎቹ የሚሠሩት ሴሌኒየም በተባለ ንጥረ ነገር ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ ባትሪ አያሻውም፤ ነገር ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ይደክማል። የእኔይቱ ዜኒት ምስክር ናት። በግማሽ የደከመው ከሞተው ይብሳል፤ መርፌው እየተንቀሳቀሰ ያሳስታልና።

ለልጃቸው መለኪያ ለመግዛት የሚያስቡ ወላጆች ካሉ እኔ ጉልላት ያለውን እመርጣለሁ። (አባቴ ይህን እንደሚያነቡ አውቃለሁ።) እስከዚያው ግን ስልኩ ይበቃል፤ ዳሩ ግን ምን ላይ እንደምናነጣጥረው ማወቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ መተግበሪያዎች ከስልኩ መስተዋት በላይ ባለችው የብርሃን ሕዋስ ወራጁን ብርሃን ለመለካት ይሞክራሉ፤ ነገር ግን ጉልላት ስለሌላት ስልኩ ጥቂት ዘንበል ቢል ቍጥሩ ይለዋወጣል። እኔ አላምናትም። የስልኩን መለኪያ መፈተን የሚሻ በጠራ የጥቅምት ፀሐይ ይውጣ፤ ለአይ ኤስ ኦ 400 ፊልም ቀዳዳው 16፥ መዝጊያው 1/500 ሊሆን ይገባዋል። ይህ ባለ ሙያዎች ያለ መለኪያ ሲሠሩ የሚከተሉት የቈየ ደንብ ነው።

በሚቀጥለው በዓል አያቴን በዚያው በረንዳ፥ በዚያው ሰዓት አስቀመጥኋቸው። አሁን ግን ቀርቤ መዳፌን ከፊታቸው አጠገብ ወደ ካሜራው ዘረጋሁና ስልኩን በመዳፌ ላይ ብቻ አነጣጠርሁ። 11 እና 1/250 አለ። የሰው መዳፍ፥ መልኩ የጠየመም ይሁን የቀላ፥ ከግራጫው በእጥፍ ያህል ስለሚደምቅ፥ ቀዳዳውን አንድ ደረጃ ከፍቼ 8 ላይ አደረግሁት። ከፊተኛው ጋር ሲነጻጸር ፊልሙ የተቀበለው ብርሃን አራት እጥፍ ነው። ተራው ኔጌቲቭ ፊልም ብርሃን ቢበዛበት ይታገሣል፤ ቢያንሰው ግን ያልተቀረጸውን ከየትም አያመጣም።

አያቴ ሥዕሉን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አስጠጉና ዝም ብለው ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያም ለእኅታቸው የሚሰጡት ሌላ አንድ ቅጂ እንዲጨመርላቸው አዘዙኝ።