የጣት ፍጥነትና የተቀዳ የክራር ድምፅ

በሠርግ ቤት ኪቦርድ በክራር ፈንታ ሲጫወት የሰማ ሁሉ ድምፁ የክራር መሆኑን ወዲያው ያውቃል፤ ነገር ግን ጥቂት ቆይቶ ጆሮው ይሰለቻል። ብዙዎች ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ ይጥሉታል። እኛ ግን ጥፋቱ ይልቁንም ድምፁን ባዘጋጀው ሰው ላይ መሆኑን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ሳምፕለር የሚባለው መሣሪያ በማይክሮፎን የተቀዳውን ድምፅ በቁጥር መልክ አስቀምጦ፥ ቁልፉ ሲነካ መልሶ ያሰማል። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር በአብዛኛው ሁለት የኤሌክትሪክ መገናኛዎች አሉ፤ ቁልፉ ሲወርድ መጀመሪያ አንዱ፥ ቀጥሎም ሁለተኛው ይገናኛል። መሣሪያው የሚለካው፥ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የጣትን ክብደት ሳይሆን፥ በሁለቱ መካከል ያለፈውን ጊዜ ነው። ጊዜው ባጠረ መጠን ጣቱ ፈጥኗል ማለት ነውና ቁጥሩ ከፍ ይላል። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው፥ ሚዲ የተባለው የመሣሪያዎች መግባቢያ ይህን ቁጥር ከ1 እስከ 127 ወስኖታል፤ ቬሎሲቲ የሚባለውም ይኸው ነው።

ቁጥሩ ግን በራሱ ምንም አይሠራም፤ ምን እንደሚያዝ የሚወስነው አዘጋጁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የድምፁን ከፍታ ብቻ እንዲያዝ ይደረጋል። ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። የክራር ጅማት በቀስታ ሲነካ ድምፁ ማነሱ ብቻ ሳይሆን ይለዝባል፤ ቀጫጭኖቹ ንዝረቶች ይቀንሳሉ፥ የጣቱም ቋታ አይሰማም። በሬዲዮ የሚጮኽ ሰው ድምፁ ቢቀነስበት፥ የሚያንሾካሹክ አይመስልም፤ እየጮኸ ያነሰ ነው እንጂ። በኀይል ተመትቶ የተቀዳ ክራርም እንዲሁ ነው።

እኛም መጀመሪያ የቀዳነው በኀይል የተመታውን ብቻ ነበር። ከዚያ ቬሎሲቲው ፊልተሩን እንዲከፍትና እንዲዘጋ አደረግን፤ ጣቱ ሲዘገይ ፊልተሩ ቀጫጭኖቹን ንዝረቶች ይቈርጣል። ቀጥሎም ጣቱ ሲዘገይ ንባቡ ከቅጂው መጀመሪያ ሳይሆን ጥቂት ሚሊሰከንድ ዘሎ እንዲነሣ አደረግን፤ በዚህም የጣቱ ቋታ ጠፋ። ለውጡ ከጠበቅነው በላይ ነበር።

ሌላው መንገድ በተለያየ ኀይል የተመቱ ቅጂዎችን ደራርቦ በቁጥሩ መምረጥ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣው አካይ ኤስ900 ለአንድ የቁልፍ ክፍል ለስላሳና ጠንካራ የሚሉ ሁለት ቅጂዎች ይቀበል ነበር፤ በ1988 የተከተለው ኤስ1000 አራት አደረጋቸው፤ በዛሬው ኮምፒዩተር ግን ቊጥሩ እጅግ ይበልጣል። መብዛቱ ሁሉ ግን ጥቅም አይደለም። መለወጫውን በ95 ላይ ባደረግን ጊዜ፥ ትዝታ ሲጫወት የተጫዋቹ ጣት በ95 ዙሪያ ስለሚመላለስ፥ ሁለት ክራሮች የሚፈራረቁ መሰለ። ሁለቱን እያቀላቀልን ለማሸጋገር ብንሞክር ደግሞ ሞገዶቻቸው ስለማይገጥሙ ድምፁ ሰለለ። ስለዚህ ሁለት ቅጂና አንድ ፊልተር ይበቃል ብለን ተውነው።

ተጫዋቹም ጉዳይ አለው። በኦርጋን ላይ ያደገ ሰው ጣቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሊወርድ ይችላል፤ በኦርጋን የጣት ፍጥነት ድምፁን አይለውጥምና። ለእንዲህ ያለው ሰው ጥቂት ልዩነት ብዙ እንዲሠራ መለኪያውን ማስተካከል ያስፈልጋል።

በመሰንቆ ላይ ግን ይህ ሁሉ አልረዳንም። ክራር አንድ ጊዜ ከተመታ በኋላ ድምፁ በራሱ ይከስማል፤ ስለዚህ የመነሻውን ፍጥነት ማወቅ ይበቃል። መሰንቆን ግን ደጋኑ እስከ መጨረሻው ያዘዋል፤ ቬሎሲቲ ደግሞ የሚናገረው ስለ መነሻዋ ቅጽበት ብቻ ነው። ጣቱ ሲዘገይ ድምፁ ቀስ ብሎ እንዲገባ ብናደርግ አጀማመሩ አማረ፤ ረጅሙ ድምፅ ግን እንደ ደረቀ ቀረ። በመጨረሻ ቬሎሲቲን ለመነሻው ትተን፥ የቀረውን ለእግር ፔዳል ሰጠነው፤ ተጫዋቻችንም ለጊዜው እግሩን እየረሳ ያስቸግረናል።