ከመንቀል በፊት፦ የመንግሥት የጥርስ ሕክምና አቅርቦትና ጥራት በሐይቅና በአምባሰል



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ጥርስ ነው። «ነፍስ የሚያጠፋ ስንት በሽታ እያለ ስለ ጥርስ?» የሚል ሐሳብ በብዙዎቻችሁ ልብ እንዳለ እገምታለሁ። ከዚሁ ብጀምር ይሻላል፤ የጤና ሥርዓታችን ለአፍ ጤና የሰጠው ቦታ ከዚሁ አስተሳሰብ የተቀዳ ነውና።

የጥርስ መቦርቦር ሲጀምር አያምም። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ተሕዋስያን ከስኳር የሚያመነጩት አሲድ የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፤ ይህም ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይወስዳል። ጉድጓዱ ነርቭና የደም ሥር ወዳለበት ውስጠኛ ክፍል ሲደርስ ሕመሙ እንቅልፍ ይነሣል። ከዚያም አንድ ቀን በድንገት ጸጥ ይላል። ታማሚው «ተሻለኝ» ይላል፤ ነገር ግን የሆነው ነገር የነርቩ መሞት ነው። ከሥሩ የሚነሣው መግል ወደ መንጋጋ ሥርና ወደ አንገት ከተዛመተ ምላስን ወደ ላይ ገፍቶ የአየር መተላለፊያን ሊዘጋ ይችላል። በጥርስ ሰው ይሞታል ማለት ማጋነን አይደለም።

በዚህ ሂደት ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባው፣ ጥርሱን ለማዳን የሚቻልበት ጊዜ ረጅም መሆኑ ነው። ጥያቄው በዚያ ረጅም ጊዜ ውስጥ ለታማሚው ቅርብ የሆነው ማን ነው የሚለው ነው።

የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በ1881 ዓ.ም. ውል ስሟን የምታውቋት ውጫሌ ደግሞ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ወደ ወልድያ በሚወስደው በዚሁ አስፋልት ላይ ትገኛለች። በካርታ ሲታይ ርቀቱ ቀላል ነው። ካርታው የሚለካው ግን አስፋልቱን እንጂ ከአምባሰል ተራራማ ቀበሌዎች እስከ አስፋልቱ ያለውን ቁልቁለት አይደለም። ለአንድ ገበሬ ያ ጉዞ የመኪና ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሥራ ቀን ነው፤ በአጨዳ ወቅት ደግሞ የጥርስ ሕመም ሁልጊዜ ለነገ ይቀጠራል።

የአገራችን የጤና ሥርዓት እንደምታውቁት ሦስት እርከን አለው። በታችኛው እርከን ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚሆን ሕዝብ ጤና ኬላ፣ በገጠር ከ15,000 እስከ 25,000 ለሚሆን ሕዝብ ጤና ጣቢያ፣ ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚሆን ሕዝብ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል እንዲኖር ታቅዷል። የጥርስ ባለሙያው፣ ወንበሩና መሣሪያው የሚገኙት ወደ ላይኛው እርከን ነው፤ በሽታው ያለው ደግሞ ከታች ነው። የጥርስ ታማሚ በገጠር ጤና ጣቢያ በአብዛኛው የሚያገኘው የሕመም ማስታገሻና አንቲባዮቲክ ነው። እብጠቱ ይጎድላል፣ ሳምንት ያህል እንቅልፍ ይገኛል፤ የመግሉ ምንጭ ግን በቦታው ነው።

አሁን ይበልጥ ልቆይበት ወደምፈልገው ነጥብ ልለፍ። ተሁለደሬ በኢትዮጵያ የጤና ፋይናንስ ታሪክ ውስጥ ተራ ወረዳ አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን እ.ኤ.አ. በ2011 በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከአማራ ክልል የተመረጡት ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩ። የሐይቅ አካባቢ ሕዝብ ገና ሳይታመም ለሕክምና መዋጮ መክፈልን ከብዙው የአገራችን ገጠር ቀድሞ ተለማምዷል።

ነገር ግን የሙከራውን ደንብ በጥርስ ታማሚ ዓይን እንየው። አባሉ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ፣ ከዚያ በሪፈር ወደ ሆስፒታል እንዲያልፍ ይጠበቅ ነበር፤ ይህን ቅደም ተከተል ሳይጠብቅ የሄደ የወጪውን ግማሽ ራሱ ይሸፍናል። ለወባ ወይም ለሳንባ ምች ይህ ትክክለኛ ሥርዓት ነው። ለጥርስ ግን ታማሚውን መጀመሪያ የሚልከው የጥርስ ሕክምና ወደሌለበት ደጃፍ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ደግሞ ከውበት ሕክምና ጋር ተቆጥሮ ከሽፋኑ ውጭ ሆኗል። ስለዚህ የፊት ጥርሷን በሃያ ዓመቷ ያጣች ወጣት ለማስነቀል መድኅኗ ሊያግዛት ይችላል፤ ለመተካት ግን አያግዛትም። ውድ ሕክምናን ሁሉ ደሃ ፈንድ ሊሸከም እንደማይችል አውቃለሁ። ሆኖም መተካቱን ካልቻልን፣ ማዳኑን ማስቀደም የሒሳብም ግዴታ ነበር።

ይህ ስለ ጥራት ወደሚነሣው ጥያቄ ያደርሰናል። የጥርስ ክፍል ባለበት ሆስፒታል እንኳ በብዛት የሚሠራው መንቀል ነው። ባለሙያውን አልወቅስም፤ መግል ቋጥሮ ለመጣ ጥርስ መንቀል ብዙ ጊዜ ተገቢው ውሳኔ ነው። ግን መንጋጋ ሲነቀል ጎረቤቱ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላል፣ ትይዩው ይወርዳል ወይም ይወጣል፤ ቆሎ መቆርጠም ቀርቶ እንጀራ ማላመጥም በአንድ ወገን ይሆናል።

ሕዝቡ ሐኪም እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ እንዳልተቀመጠም መታወቅ አለበት። መፋቂያ በአግባቡ ከተጠቀሙበት ጥርስን ያጸዳል። በታመመ ጥርስ ላይ የሚያዘው ቅርንፉድ ያለበት ዘይት የጥርስ ሐኪሞችም በጊዜያዊ መሙያ ውስጥ የሚጠቀሙበት ነው። በአንጻሩ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት የያዘውን ሕፃን ግግ ማውጣት ኢንፌክሽን ያስከትላል፤ ገና ከድድ ሥር ያለውን ቋሚ ጥርስም ሊያበላሽ ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ከማንም በፊት እናቲቱን የምታገኝ በመሆኗ ይህን የማስተማር ዕድል በእጇ ነው።

ለመሆኑ ያለ ኤሌክትሪክና ያለ ውድ ወንበር ጥርስ ማዳን ይቻላልን? በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በታንዛንያ የተጀመረ አሠራር አለ። የተበላሸው የጥርስ ክፍል በእጅ መሣሪያ ብቻ ይጠረግና ጉድጓዱ ግላስ አዮኖመር በሚባል፣ ከጥርስ ጋር በሚጣበቅና ፍሎራይድ በሚሰጥ ሲሚንቶ ይሞላል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ሲሚንቶና የፍሎራይድ የጥርስ ሳሙናን በ2021 (እ.ኤ.አ.) በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል። ገደብም አለው፤ በአንድ ገጽ ላይ ላለ ትንሽ ጉድጓድ በሚገባ ሲሠራ፣ ብዙ ገጽ ለነካ ጉዳት ግን ቶሎ ይወድቃል። ነርቩ የሞተውንም አያድንም። ጥቅሙ ያለው ቀድሞ በመድረስ ነው፤ ቀድሞ መድረስ የሚችለው ደግሞ የሠለጠነ ባለሙያ ያለው ጤና ጣቢያ ነው።

ሁሉን በደሴ ላይ ማንጠልጠል ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ በ2014 ዓ.ም. አይተናል። ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ደርሶ የደሴ ሆስፒታል ሲዘረፍ፣ በሪፈር ወረቀት ላይ የተጻፈው መድረሻ ራሱ ታማሚ ሆኖ ነበር። በእጅ ቦርሳ የሚያዝ የመሣሪያ ስብስብ በየጤና ጣቢያው ቢኖር ኖሮ ጉዳቱን ባያስቀርም አገልግሎቱ ቶሎ ይመለስ ነበር።

ለምርምር ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች አንድ ሥራ ልጠቁም። በሐይቅና በውጫሌ የሚገኙ የመንግሥት ተቋማትን መዝገብ በፈቃድ ተመልክታችሁ፣ በአንድ ዓመት ስንት ጥርስ እንደተነቀለና ስንት እንደተሞላ ጎን ለጎን ቁጠሩ። የተነቀለበትን ሰው ዕድሜና የመጣበትን ቀበሌም ጨምሩ። «አገልግሎት የተሰጣቸው ታካሚዎች» የሚለው ድምር ሁለቱን አንድ ላይ ስለሚያደርጋቸው ልዩነቱን ይደብቃል። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።