«ብለህ ብለህ አዝማሪ ልትሆን ነው?» የሚለው ቁጣ ስንቱን ተሰጥኦ አስቀረ?



ከትክል ድንጋይ ወጣ ሲሉ፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከሸምበቆ የሠራትን ዋሽንት ሲነፋ መስማት ብርቅ አይደለም። ማታ ቤት ገብቶ ዋሽንቱን ሲያነሳ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው «ብለህ ብለህ አዝማሪ ልትሆን ነው?» የሚል ቁጣ ነው። እኛም ይህን እየሰማን ነው ያደግነው። ለመሆኑ የሙዚቃ ተሰጥኦ እንዴት ነው የሚያድገው? ሦስት ነገሮችን እንመልከት።

🔹 መጀመሪያ ጆሮ ነው

ከጎንደር ከተማ ብዙ ሳይርቅ ቡርቧክስ የሚባል የአዝማሪዎች መንደር አለ። የአዝማሪ ልጅ ሙያውን የሚማረው ከወረቀት አይደለም። አባት ማሲንቆ ሲመታ፣ እናት ስታዜም እየሰማ ያድጋል፤ ከፍ ሲል ታላላቆቹን ተከትሎ ሰርግ ቤትና ጠጅ ቤት ይዞራል። ጃፓናዊው ተመራማሪ ኢትሱሺ ካዋሴ የጎንደርን ልጅ አዝማሪዎች ተከታትሎ ፊልም ሠርቶባቸዋል። እኛ የምንቆጣበትን ሙያ ሰው ከጃፓን ድረስ መጥቶ ያጠናዋል ማለት ነው!

ማሲንቆ ያላት ክር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከፈረስ ጭራ የሚሠራ። በዚያች አንድ ክር ግን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ሁሉም ይወጣሉ። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲወረውር አዝማሪው ወዲያው ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። ይህ ጆሮን፣ ትውስታንና ግጥም መቋጠርን ባንዴ የሚያሠለጥን ትምህርት ነው።

🔹 ቀጥሎ ደጋግሞ መሞከር ነው

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ የማያውቅ የለም። በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ሸሸ። መንገድ ላይ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ትል ግንዱን ለመውጣት ስትሞክር አየ። ትወጣለች ትወድቃለች፣ ትወጣለች ትወድቃለች፣ በመጨረሻ ግን ደረሰች። እሱም ተነስቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ ይላል ትውፊቱ። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት የዜማ ስልቶች የእሱ ናቸው። በመጨረሻ ዘመኑም እዚሁ ሰሜን ተራሮች ገብቶ እንዳስተማረ ይነገራል። እንግዲህ የዜማ አባት የምንለው ሰው መጀመሪያ ላይ «ትምህርት የማይገባው ልጅ» ነበር ማለት ነው።

🔹 ሦስተኛው «አይዞህ» የሚል አንድ ሰው ነው

ጥላሁን ገሠሠ ወሊሶ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ሲማር አያቱ ዘፈኑን አልወደዱለትም። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የነበሩት ሱዳናዊው ሚስተር ሸዳድ ግን ችሎታውን አይተው አበረታቱት፣ ወደ አዲስ አበባ እንዲሄድም መከሩት። ሄደ፤ ሀገር ፍቅር ቴአትር ገባ፤ የቀረውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ያ አንድ ሰው ባይኖርስ?

ታዲያ ምን እናድርግ?

✅ ልጆች፣ አንድ ዜማ መርጣችሁ ሳምንት ሙሉ ስሙት። በየቀኑ አዲስ ዘፈን ከማሳደድ አንዱን እስኪዋሐዳችሁ ድረስ መስማት ይሻላል።

✅ ከዚያ አንጎራጉሩት፤ ድምፃችሁን በስልክ ቀድታችሁ መልሳችሁ አድምጡ። መጀመሪያ ያሳፍራል፣ ኋላ ግን ያስተምራል።

✅ የሰሙትን መድገም ጅማሬ እንጂ መጨረሻ አይደለም። በዚያው ዜማ ላይ የራሳችሁን ሁለት ስንኝ ቋጥሩ፤ ስለ ሰፈራችሁ፣ ስለ እናታችሁ፣ ስለ ከብቶቻችሁም ቢሆን።

✅ ጓደኛ ፈልጉና «ተቀበል» ተባባሉ።

✅ ወላጆችና መምህራን ደግሞ፣ ጥናቱንም ሥራውንም ሰዓት ስጡለት፤ ለዋሽንቱም ግማሽ ሰዓት አትንፈጉት።

እውነት ለመናገር ዋሽንት የሚነፋ ልጅ ሁሉ ዘፋኝ አይሆንም፤ ሙዚቃም ለሁሉም እንጀራ አይሆንም። ነገር ግን አንድን ዜማ እስኪችለው ድረስ የታገለ ልጅ ሒሳቡንም እንደዚያው ይታገለዋል። ስንኝ የቋጠረ ልጅም ቃል አያጣም። አዝማሪነት ደግሞ ስድብ ሳይሆን ጎንደርን ያስጠራ ሙያ ነው።

ዛሬ ማታ ከጓሮ የዋሽንት ድምፅ ከሰማችሁ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት እስቲ አንድ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ ስሙት። ያ «አይዞህ» የሚለው ሰው እናንተ ብትሆኑስ?