በጓሮ ተጎድቶ ለሚገኝ የዱር ወፍ ስለሚደረግ እርዳታ

ቡኢ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው ጎዳና ላይ፣ ጢያ ከታለፈች በኋላ የምትገኝ የሶዶ ከተማ ናት። በዚያ አገር ከቤት ጓሮ እንሰት መትከል፣ በአጥሩም ዙሪያ ባሕር ዛፍ ማብቀል የተለመደ ስለሆነ፣ ሰውና ወፍ በአንድ ግቢ ይኖራሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ ድመት የነከሳት እርግብ፣ ወንጭፍ ክንፉን የሰበረው ጭልፊት፣ ወይም ከመስኮት መስተዋት ጋር ተላትማ የወደቀች ትንሽ ወፍ በጓሮ ብትገኝ እንግዳ ነገር አይደለም። ያገኛትም ሰው፣ ይልቁንም ልጅ የሆነ እንደ ሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ሊረዳት ይፈልጋል። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምናስበው፣ ወፏን ከቁስሉ ይልቅ እርዳታው ሊገድላት የሚችል መሆኑንና የዚህንም ምክንያት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ወፏ በእውነት ተጎድታ እንደ ሆነ መመርመር ያስፈልጋል። ላባዋ በቅሎ፣ ጅራቷ ገና አጭር ሆኖ፣ በመሬት ላይ የምትዘል ጫጩት የታመመች ሳትሆን መብረር የምትለማመድ ናት፤ ወላጆቿም በአቅራቢያ ሆነው ይመግቧታል። ለእርሷ የሚበቃት እርዳታ ድመቱን ማራቅ፣ ቢያስፈልግም አንሥቶ ቁጥቋጦ ላይ ማስቀመጥ ነው። ላባ ያላበቀለችዋን ደግሞ ወደ ጎጆዋ መመለስ ይቻላል። የሰው እጅ ከነካት እናቷ ትተዋታለች የሚባለው እውነት አይደለም፤ አብዛኞቹ ወፎች ጫጩቶቻቸውን በሽታ አይለዩምና። ነገር ግን ክንፏ የወረደ፣ ደም የሚታይባት፣ መቆም ያቃታት ወይም ከድመት አፍ የተነጠቀች እንደ ሆነች ተጎድታለች ማለት ነው።

እርዳታው ጉዳት የሚሆንበት የመጀመሪያው መንገድ አያያዙ ነው። የሰው ትንፋሽ በይበልጥ የሚንቀሳቀሰው ደረትን ከሆድ በሚለየው ድያፍራም በሚባለው ጡንቻ ነው። ወፍ ግን እንዲህ ያለ ጡንቻ የላትም፤ አየር የምታስገባውና የምታስወጣው የደረት አጥንቷን ዝቅና ከፍ በማድረግ ነው። እንግዲህ እንዳታመልጥ ብሎ ደረቷን መጨበጥ፣ ወይም የተሰበረውን ክንፍ ከደረቷ ጋር አጥብቆ መጠቅለል ትንፋሿን ማገድ ይሆናል። ትክክለኛው አያያዝ ጨርቅ ጣል አድርጎባት፣ ክንፎቿን ከጎኗ አጥፎ፣ ደረቷን ሳይጫኑ ማንሣት ነው። ጭልፊትና ጉጉት የሆኑ እንደ ሆነ ከመንቁራቸው ይልቅ ጥፍራቸው ያሰጋልና መጠንቀቅ ይገባል።

ሁለተኛው መንገድ ውኃ ማጠጣት ነው። የወፍ መተንፈሻ ቧንቧ የሚከፈተው በአፏ ውስጥ፣ ከምላሷ ሥር በስተኋላ ነው። መንቁሯን ከፍተው ያንጠባጠቡላት ውኃ በቀላሉ ወደ ሳንባዋ ይገባል፤ በደግነት የተሰጠውም ጠብታ ያሰጥማታል። ወተት ማጠጣትም አይገባም፤ በተፈጥሮዋ ወተት የማትጠባ ፍጥረት የወተትን ስኳር ለመፍጨት አልተሠራችም። የደነገጠችና የበረዳት ወፍ ምግብ መፍጨት ስለሚያቅታት ለመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች አለመመገቡ ይሻላል።

ሦስተኛው ፍርሃት ነው። የዱር ወፍ ሰውን የምታየው እንደሚበላት አውሬ ነው። ስለዚህ መዳበስና ለጎረቤት ልጆች ማሳየት አያጽናናትም፤ እንዲያውም ድንጋጤው ብቻ ሊገድላት ይችላል። የወፍ የሰውነት ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ ስትጎዳም ቶሎ ትበርዳለች። እንግዲህ የሚያስፈልጋት ጨለማ፣ ጸጥታና ሙቀት ነው። ለዚህም አየር ማስገቢያ የተበሳ ካርቶን ይበቃል፤ የሽቦ ቀፎ ላባዋን ይሰባብራል። ከሥሯ የሚነጠፈው ጨርቅ ክሩ ያልተበተነ ይሁን፤ የነጠላ ዘርፍ በጣቶቿ ላይ ይጠመጠማልና። ለብ ያለ ውኃ በጠርሙስ ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ በካርቶኑ በአንድ ወገን ማስቀመጥ ብርዱን ይከላከላል። ከመስተዋት ጋር ተላትማ የደነዘዘች ወፍ በዚህ ዓይነት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ብታርፍ፣ ከቤት ውጭ ካርቶኑ ሲከፈትላት በርራ ልትሄድ ትችላለች።

በርራ ያልሄደችዋን ግን ሐኪም ሊያያት ይገባል። የድመት ጥርስ የተወው ቀዳዳ ከላባ በታች ባይታይም፣ በምራቁ ያሉት ባክቴሪያዎች መድኃኒት ካልተሰጠ ፈጥነው ይገድላሉ። የወፍ አጥንት ደግሞ ከሰው አጥንት ይልቅ ቶሎ፣ በ3 ሳምንት ገደማ፣ ይጋጠማል፤ ጠምሞ ከተጋጠመ ግን መብረር አይቻልም። ስለዚህ ሳይዘገዩ ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ መውሰድ ይገባል፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ሕክምና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በቢሾፍቱ ይገኛል። እስከዚያው ድረስ ከዶሮዎች ጋር ማዋል ከቶ አይገባም፤ ፈንግል ከዱር ወፍ ወደ ዶሮ፣ ከዶሮም ወደ ዱር ወፍ ይተላለፋል። የነካትም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። ከዳነች በኋላ በቤት ማስቀረት አይገባም፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳትን በሕግ ጥበቃ ሥር አድርጓልና።

በመጨረሻም ስለ ጉጉት አንድ ቃል እንጨምራለን። በብዙ የአገራችን ክፍል ጉጉት የሟርት ወፍ ትባላለች፤ ስለዚህም ቆስላ ስትገኝ ካርቶን ሳይሆን ድንጋይ ይጠብቃታል። ነገር ግን የገበሬውን እህል የሚጨርሱትን አይጦች ሌሊት የምታድነው እርሷ ናት። ለእርግብ የሚራራ ልጅ ለጉጉትም እንዲራራ ማስተማር ከተማሪዎች ይጠበቃል። ከተጎዱት ወፎች ብዙዎቹ ምንም ቢደረግላቸው ይሞታሉ፤ ሆኖም መዳን የምትችለዋ በእኛ እጅ እንዳትሞት ማድረግ ዕውቀት እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም።