በኖራ የተገነባ ነባር ግድግዳ ስለመጠገን

በኖራና በአሸዋ የተገነባ ነባር የጡብ ቤት ያላቸው ባለንብረቶች የተሸረሸረውን መጋጠሚያ በሲሚንቶ ከመሙላት እንዲቆጠቡ ይመከራል። ኖራ ወደ ግድግዳው የገባውን እርጥበት መልሶ ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ግን ስለሚያግደው እርጥበቱ በጡቡ በኩል ለመውጣት ይገደዳል፣ ጡቡም እየተፈረፈረ ይሄዳል።

የላላው ኖራ የጡቡ ጠርዝ ሳይነካ በመሮና በመዶሻ፣ የመጋጠሚያውን ስፋት እጥፍ ያህል ጥልቀት ድረስ ይወጣል። የኤሌክትሪክ መቁረጫ ሥራውን ቢያፋጥንም ጡቡን ይጎዳል። አቧራው ተጠርጎ ግድግዳው በውኃ ከራሰ በኋላ 1 እጅ ኖራ ከ3 እጅ አሸዋ ጋር ተለውሶ ይሞላል፤ ለቀናትም በእርጥብ ጆንያ ይሸፈናል። ኖራ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ጥገናው ከመጀመሩ በፊት የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ሊገኝ ይገባል።