የወደቀ ግንድና የ1956ቱ ኖትርዳም

የሕግ ተማሪ ሳለሁ ከውል ውጭ ስለሚመጣ ኃላፊነት ስንማር አንድ ነገር አልዋጥልኝ ብሎ ነበር። ሰው ሳያጠፋም ኃላፊ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን ይህን የሚፈቅደው ጉዳዮቹን ለይቶ በመዘርዘር ነው። የስፖርት ሜዳ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አያውቅም። ለዚህ ማስረጃ የማደርገው የአሜሪካው ኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1956 የደረሰበትን ውድቀት ነው።

ነገሩ እኛ ስለምናውቀው እግር ኳስ አይደለም። አሜሪካውያን ፉትቦል የሚሉት፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው እየሮጡና እየወረወሩ የሚጫወቱት ነው። በኢንዲያና ግዛት የሚገኘው ካቶሊካዊው ኖትርዳም በዚህ ጨዋታ ስመ ጥር ነው። አሠልጣኙ ፍራንክ ሊሂ ከ1943 እስከ 1949 ባሉት ዓመታት አራት ጊዜ የአገሪቱ ሻምፒዮን አድርጎታል። በ1954 እሱን የተካው ቴሪ ብሬናን ሲሾም ዕድሜው ገና 25 ነበር። እንደኔው ሕግ የተማረ ሰው ነው።

ብሬናን በመጀመሪያው ዓመት ከአሥር ጨዋታ ዘጠኙን፣ በሁለተኛው ስምንቱን አሸነፈ። በሦስተኛው ዓመት፣ በ1956፣ ያሸነፈው ሁለቱን ብቻ ነው። ኦክላሆማ በገዛ ሜዳው 40 ለ 0፣ አዮዋ ደግሞ 48 ለ 8 ረቱት።

አስገራሚው ነገር በዚያው ዓመት የኮሌጅ ተጫዋቾች ትልቁ ሽልማት የሆነውን የሄይስማን ዋንጫ የወሰደው የዚሁ ቡድን ልጅ ፖል ሆርኑንግ መሆኑ ነው። ኳስ ይወረውራል፣ ይሮጣል፣ ይመታል፣ ይከላከላል። አንደኛ ብለው የመረጡት ሰዎች ብዛት ከታየ የኦክላሆማው ቶሚ ማክዶናልድ ይበልጠው ነበር፤ በነጥብ ድምር ግን ሆርኑንግ ቀደመ። ተሸንፎ ዓመቱን ከጨረሰ ቡድን ወጥቶ ይህን ዋንጫ ያገኘ ሌላ ተጫዋች እስከ ዛሬ የለም። መራጮቹ የአንዱን ሰው ሥራ ከቡድኑ ውጤት ለይተው መመዘን ችለዋል ማለት ነው።

ለአሠልጣኙ ግን እንዲህ ያለ ሚዛን አልተገኘለትም። ዩኒቨርሲቲው ለተጫዋቾች የሚሰጠውን ነፃ የትምህርት ዕድል የቀነሰው ከብሬናን በፊት ነው። በጊዜው ደንብ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በዋናው ቡድን አይሰለፍም። ስለዚህ ዛሬ የተቀነሰ ተጫዋች ጉድለቱ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ፣ ምናልባትም በሌላ አሠልጣኝ ዘመን ነው። ብሬናን አንዳችም ጥፋት የለበትም አልልም። ምክንያቱ ሳይጣራ ውጤቱ ብቻውን ጥፋተኛ አያደርገውም ነው የምለው።

በኅዳር 1957 ይኸው ቡድን ኦክላሆማ ድረስ ሄዶ 7 ለ 0 አሸነፈ፤ የኦክላሆማን የ47 ተከታታይ ጨዋታዎች ድልም አቆመ። በ1958 ግን ስድስት አሸንፎ አራት ተሸነፈ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ብሬናን ተባረረ። በአምስት ዓመት ከ50 ጨዋታ 32ቱን ያሸነፈ ሰው ነው።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ብሬናንን የተካው ጆ ኩሃሪችስ ምን አደረገ? በሁለተኛው ዓመቱ፣ በ1960፣ ሁለት አሸንፎ ስምንት ተሸነፈ። ልክ እንደ 1956ቱ! በአራት ዓመት ቆይታው አንድም ጊዜ ከሽንፈቱ የበለጠ ድል አላስመዘገበም።

ሰውየው ተቀየረ፤ ምክንያቱ ግን እዚያው ነበር።