አሮጌው ሶፍትዌር፦ ይፍረስ ወይስ ይታደስ?

ባንክ ወይም ክፍለ ከተማ ጉዳይ ይዞ የሄደ ሰው «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ሳይሰማ አይቀርም። ባለጉዳዩ ነገ ተመልሶ ወረፋ ለመያዝ እያሰበ ይወጣል። ከመስኮቱ ጀርባ ደግሞ ፕሮግራመሮች ይከራከራሉ። አንዱ «ይህ ኮድ አርጅቷል፤ በጥገና አይገፋም፤ አፍርሰን ከዜሮ እንጻፈው» ይላል። ሌላው «የሚሠራውን ለምን እናፈርሳለን? ቀስ እያልን እናሻሽለው» ብሎ ይሟገታል።

ክርክሩ የባለሙያዎች ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ወጪውን የሚችለው ድርጅቱ ነው፤ ጣጣው የሚያርፈውም ወረፋ በያዘው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁም፣ የሂሳብ ሠራተኛውም፣ ተገልጋዩም የክርክሩን ፍሬ ነገር ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል። የእኔ አቋም እንዲህ ነው፦ በሥራ ላይ ያለ ሶፍትዌር፣ ውስጡ የቱንም ያህል ቢያስጠላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ክፍል በክፍል መታደስ እንጂ በአንድ ጊዜ መፍረስ የለበትም።

አሮጌ ኮድ ለምን ያስጠላል?

ኮድ ኮምፒውተሩ ምን እንዲሠራ በዝርዝር የተጻፈለት ትእዛዝ ነው። አንድ ፕሮግራም አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ሲያገለግል ብዙ እጅ ያልፍበታል። አንዱ ጽፎት ይለቃል፣ ሌላው ይቀጥልበታል፣ ሦስተኛው ለነገ ጠዋት እንዲደርስ ብሎ በጥድፊያ ይለጥፍበታል። አዲስ የተቀጠረው ፕሮግራመር ሲከፍተው፣ ማን ለምን እንደጻፈው የማይታወቅ መስመር በመስመር ላይ ተደራርቦ ያገኛል።

ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ አንብቦ መረዳት የራስን ከመጻፍ ይከብዳል። በዚህ የተነሳ ለማንበብ ያስቸገረን ሁሉ የተበላሸ ይመስለናል። ነገር ግን ያልገባን ኮድና የተበላሸ ኮድ አንድ አይደሉም። ከአስቀያሚዎቹ መስመሮች ብዙዎቹ አንድ ቀን አንድ ሰው ተቸግሮ፣ የችግሩ ምንጭ ተፈልጎ ሲገኝ የተጻፉ መፍትሔዎች ናቸው።

ከአገራችን ምሳሌ እንውሰድ። አንድ መሥሪያ ቤት ለረጅም ጊዜ የተጠቀመበት የደመወዝ ፕሮግራም አለው እንበል። ውስጡ «ወሩ 13ኛው ከሆነ ደመወዝ አታስላ» የሚል መስመር አለ። ወረድ ብሎ፣ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው 3 ከሆነ ጳጉሜን 6 ቀን እንድትሆን የሚያደርግ ስሌት አለ፤ 2015 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ነበር፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም 2019 ዓ.ም. ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ ፊደል የሚቆጥር ሠንጠረዥ አለ። ምክንያቱም አንዱ መዝጋቢ «ፀሐይ» ብሎ ያስገባውን ስም ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ይፈልገዋል፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው።

ይህ ኮድ ፈርሶ አዲስ ሲጻፍ እነዚህን ነገሮች ማን ያስታውሳል? ጳጉሜን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ግን ማንም በውል ሰነድ ላይ አይጽፈውም። አዲሱ ፕሮግራም የሚሠራባቸው ዝግጁ መሣሪያዎችም አብዛኞቹ ዓመትን 12 ወር አድርገው የሚቆጥሩ ናቸው። ጉድለቱ የሚታየው ሥራ ከተጀመረ በኋላ ነው፤ ሃያ ዓመት ያገለገሉ ሠራተኛ መስኮት ላይ ቆመው «ስምዎ መዝገብ ላይ የለም» ይባላሉ።

የኔትስኬፕ ትምህርት

በዚህ ክርክር ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳው የኔትስኬፕ ታሪክ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ድርጅቱን በ1994 ካሊፎርኒያ ውስጥ ያቋቋሙት ጂም ክላርክና ማርክ አንድሪሰን ናቸው። የሠሩት ብራውዘር፣ ማለትም ድረ ገጽ የሚታይበት ፕሮግራም፣ ብዙ ሰው ኢንተርኔትን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየበት ሆነ። በኦገስት 1995 አክሲዮኑ ለሕዝብ ሲቀርብ፣ በ28 ዶላር የተተመነው አንድ አክሲዮን ገበያው ሲዘጋ 58 ዶላር አልፎ ነበር። በዚያው ወር ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ይዞ መጣ፤ ኋላም ከዊንዶውስ ጋር አያይዞ በነጻ ይሰጠው ጀመር።

ፉክክሩ በአጭር በአጭር ጊዜ አዲስ እትም ማውጣትን ስለጠየቀ የኔትስኬፕ ኮድ በጥድፊያ ተለጣጠፈ። ድርጅቱ በማርች 1998 ኮዱን ለሕዝብ ክፍት አደረገ፤ ሞዚላ የተባለው ፕሮጀክትም ተወለደ። በኦክቶበር 1998 ደግሞ ትልቁ ውሳኔ መጣ። ድረ ገጹን አንብቦ ስክሪን ላይ የሚያወጣው ሞተር እንዲጣል፣ ብራውዘሩም ጌኮ በተባለ አዲስ ሞተር ላይ እንደገና እንዲሠራ ተወሰነ።

የብራውዘሩ 4ኛ እትም የወጣው በ1997 ነበር። 5ኛው ጨርሶ ሳይወጣ ቀረ፤ 6ኛው የደረሰው በኖቬምበር 2000 ነው። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ኔትስኬፕ አሮጌውን ከመጠጋገን አልፎ ለተጠቃሚው አዲስ ነገር ማቅረብ አቃተው፤ ተፎካካሪው ግን እየተሻሻለ ሄደ። ብዙ የተጠበቀው 6ኛ እትም ሲመጣም ቀርፋፋና ስህተት የበዛበት ሆኖ ተገኘ። ቀደም ብሎ ድርጅቱን የገዛው ኤኦኤል የተባለ ኩባንያ በ2003 የብራውዘሩን ቡድን በተነ።

በእርግጥ ኔትስኬፕን የጣለው ኮዱን ማፍረሱ ብቻ አይደለም። የማይክሮሶፍት ጉልበት ከባድ ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥት በ1998 ማይክሮሶፍትን ፍርድ ቤት ሲያቆመው አንዱ ምክንያት ይኸው የብራውዘር ጉዳይ ነበር። አዲሱ ሞተርም ከንቱ አልቀረም፤ በ2004 የወጣው ፋየርፎክስ የተባለው ብራውዘር የቆመው በእሱ ላይ ነው። ዘሩ አፍርቷል፤ የዘራው ድርጅት ግን ለአጨዳው አልደረሰም። ስለ ሶፍትዌር በመጻፍ የሚታወቀው ጆኤል ስፖልስኪ በኤፕሪል 2000፣ ኮድን ጥሎ ከዜሮ መጀመር አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ሊሠራው ከሚችለው ስህተት ሁሉ የከፋ መሆኑን የጻፈው የኔትስኬፕን መዘግየት አይቶ ነው። በእኛ ተረት «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው በትክክል ይህ ነው።

ከዜሮ የተጀመረ ሥራ ለምን ይጎተታል?

የመጀመሪያው ምክንያት ሥራው እጥፍ መሆኑ ነው። አዲሱ እስኪደርስ አሮጌው ማገልገል አለበት። የግብር ስሌት ሲቀየር ወይም አዲስ መመሪያ ሲመጣ ሁለቱንም ማስተካከል ግድ ይሆናል። አሮጌው በየጊዜው ስለሚለወጥ አዲሱ ሊደርስበት የሚሮጠው ቦታ እየራቀ ይሄዳል።

ሁለተኛው ምኞት ነው። በኮምፒውተር ድርጅቱ አይቢኤም ውስጥ ኦኤስ 360 የተባለውን ግዙፍ የሶፍትዌር ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለአንድ ንድፍ አውጪ ከሁሉ የሚያሰጋው ሁለተኛው ሥራው መሆኑን አስጠንቅቋል። በመጀመሪያው ጊዜ አጥሮት የተወውን ሁሉ በሁለተኛው ላይ ሊጭን ይሻልና። «ከዜሮ ከጀመርን አይቀር ይህም ይጨመር» የሚለው ጥያቄ ከየክፍሉ ይጎርፋል፤ የማለቂያው ቀንም ይሸሻል።

ሦስተኛው የመሸጋገሪያው ቀን ነው። ቲኤስቢ የተባለው የብሪታንያ ባንክ በኤፕሪል 2018 የ5 ሚሊዮን ያህል ደንበኞቹን መዝገብ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ወደ አዲስ ሲስተም አዛወረ። አገልግሎቱ ሲከፈት እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ ደንበኞች ሂሳባቸውን ማንቀሳቀስ አልቻሉም፤ የሌላ ሰው ሂሳብ የታያቸውም ነበሩ። ነገሩ ሙሉ በሙሉ እስኪስተካከል ወራት ፈጀ። የአገሪቱ ተቆጣጣሪዎች በ2022 ባንኩን 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። ሁሉም ነገር በአንድ ሌሊት ሲዞር ስህተቱም ሁሉንም ሰው በአንድ ጊዜ ይመታል።

እየኖሩበት ማደስ

የጭቃ ቤት ያደሰ ሰው ዘዴውን ያውቀዋል። አንድ ምሰሶ ምስጥ ስለበላው ቤተሰቡ ሜዳ ላይ አይወጣም። መጀመሪያ ጣሪያው በድጋፍ እንጨት ይያዛል፤ ከዚያ የተበላው ምሰሶ ወጥቶ አዲሱ ይገባል፤ ግድግዳው ይመረጋል። ቀሪው ምሰሶ በተራው ይታያል። ሶፍትዌርም የሚታደሰው እንዲሁ ነው።

በሶፍትዌር ድጋፉ ቴስት ነው። ቴስት ዋናው ፕሮግራም ትክክለኛውን ውጤት መስጠቱን በራሱ የሚያጣራ ትንሽ ፕሮግራም ነው። በደመወዙ ምሳሌ፣ የሐምሌ፣ የነሐሴና የጳጉሜን ስሌት ይመዘገባል፤ ኮዱ በተነካ ቁጥር አዲሱ ውጤት ከተመዘገበው ጋር ይነጻጸራል። ድጋፉ ከቆመ በኋላ፣ ፕሮግራሙ የሚሠራው ሳይለወጥ የኮዱ አጻጻፍ ይስተካከላል፤ ባለሙያዎች ይህን ሪፋክተሪንግ ይሉታል። ስሙ ሥራውን የማይገልጸውን እንደገና መሰየም፣ ሁለት ቦታ የተደገመውን አንድ ማድረግ፣ የረዘመውን መከፋፈል፣ ማንም የማይጠቀምበትን መሰረዝ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ስለሆነ፣ ስህተት ቢገኝ ወደ ትናንቱ መመለስ ቀላል ነው።

አንድ ትልቅ ሲስተም መተካት ሲኖርበት ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። የሶፍትዌር ባለሙያው ማርቲን ፎውለር በ2004 ስያሜውን ከአንድ ዛፍ ወሰደለት። የዋርካና የሾላ ዘመድ የሆነው ይህ ዛፍ በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይበቅላል፤ ሥሩን ወደ መሬት ይሰድዳል፤ ዓመታት ሲያልፉ አስተናጋጁን ከብቦ በራሱ ይቆማል። በሶፍትዌርም ከአሮጌው ሲስተም ፊት አንድ መግቢያ ይደረጋል፤ ጥያቄ ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል። መጀመሪያ ደረሰኝ ማተሙ ብቻ ወደ አዲሱ ይዞራል፤ እሱ ሲጸና የፈቃድ መጠየቂያው ይከተላል። በመጨረሻ አሮጌው ሥራ አልቆበት ይዘጋል። ወረፋ የያዘው ሰው ሽግግር መደረጉን እንኳ አያውቅም።

የዚህ መንገድ ፍሬ በብዙ ኮምፒውተር ላይ ይገኛል። ሊብረኦፊስ የተባለው ነጻ የቢሮ ፕሮግራም ሥሩ በ1980ዎቹ ጀርመን ውስጥ የተጀመረ ሥራ ነው። በ2010 አዲሱ ቡድን ኮዱን ይዞ ራሱን ችሎ ሲወጣ፣ ከመስመሮቹ ጎን የተጻፉት ማብራሪያዎች ብዙዎቹ ገና በጀርመንኛ ነበሩ። አላፈረሱትም። ማብራሪያዎቹን ወደ እንግሊዝኛ መለሱ፣ አገልግሎት የማይሰጠውን ኮድ ለቅመው አወጡ፣ ቴስት ጨመሩ፤ አዲስ እትም ማውጣቱንም አላቋረጡም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረኝ ግን የኔትስኬፕ ዘር ራሱ በኋላ የመረጠው መንገድ ነው። ሞዚላ በ2017 ፋየርፎክስን ሲያፈጥን ሞተሩን በሙሉ አልጣለም። የገጹን ቀለም፣ የፊደል መልክና መጠን የሚወስነውን ክፍል ብቻ አውጥቶ፣ ረስት በተባለ አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ በተጻፈ ተካው። ወደ 160,000 መስመር የነበረው በ85,000 መስመር ተተካ። ያ ክፍል እንደ አዲስ ተጽፏል፤ ቤቱ ግን ሰው እየኖረበት ነበር።

ከዜሮ መጀመር የሚገባው መቼ ነው?

ማፍረስ ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለቴ አይደለም። ፕሮግራሙ ትንሽ ከሆነና በጥቂት ሳምንት የሚያልቅ ከሆነ እንደገና ይጻፍ። የሚሠራበት ማሽን ከጠፋ፣ ወይም መሠረቱ የሚፈለገውን ጨርሶ የማይሸከም ከሆነም ሌላ ምርጫ የለም። አፕልን በ1990ዎቹ የገጠመው ይህ ነበር፤ የማኪንቶሽ ሲስተም አንዱ ፕሮግራም ሲሰናከል ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩን በሙሉ ይዞ ይወድቅ ነበር። ኮፕላንድ የተባለው ምትክ ለዓመታት ተለፍቶበት በ1996 ተሰረዘ። አፕል ያን ጊዜ እንኳ ሌላ ሲስተም ከዜሮ ልጻፍ አላለም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የስቲቭ ጆብስን ኔክስት ለመግዛት ተስማማ፤ በሥራ የተፈተነውን የኔክስት ሲስተም መሠረት አድርጎም በ2001 ማክ ኦኤስ ኤክስን አወጣ። የቀድሞ ፕሮግራሞች በአዲሱ ላይ እንዲሠሩም መሸጋገሪያ አበጀላቸው።

ስለዚህ «አፍርሰን እንሥራው» የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ውሳኔ ሰጪው ጥቂት ነገር ይጠይቅ። አሮጌው የሚሠራው ሁሉ ተዘርዝሮ ተጽፏል? ዝርዝሩን መስኮት ላይ የሚቀመጡት ሠራተኞች አይተውታል? ሁሉም እስኪያልቅ ሳይጠበቅ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ አገልግሎት የሚሰጥ አንድ ክፍል ይደርሳል? ሁለቱ ለጊዜው ጎን ለጎን ይሠራሉ? አዲሱ ቢሰናከል መመለሻ አለ? ለእነዚህ መልስ ከሌለ ማፍረሱ ይቆይ፤ ማደሱ ይጀመር።

አሮጌ ኮድ ውስጥ ከተለጠፈው ብዙው አንድ ጊዜ መስኮት ላይ ቆሞ ጉዳዩ ሳይፈጸም ለተመለሰ ሰው ተብሎ የተጻፈ ነው። መስመሩን ከመሰረዝ በፊት ያ ሰው ምን ገጥሞት እንደነበር እንወቅ። ሳናውቅ ከሰረዝነው፣ ያው ሰው ነገ ተመልሶ ወረፋ ይይዛል።